አሮጌ ሲንተሳይዘር ሲበላሽ ለማን ይሰጣል?

ድሮ ባንድ ውስጥ ይጫወት የነበረ አጎት ጓዳ፣ የቸርች ዕቃ ክፍል፣ ወይ ደግሞ ዘመድ ከውጭ ይዞት የመጣ ካርቶን ውስጥ የ30 እና የ40 ዓመት ኪቦርድ ያገኛችሁ ልጆች ብዙ ናችሁ። እኛ አገር ጥቁርና ነጭ ቁልፍ ያለውን ሁሉ “ኦርጋን” ብለን እንገላገላለን። አንዳንዱ ግን ሲንተሳይዘር ነው፤ ድምፁን ውስጡ ባለው ሰርኪዩት የሚሰራ፣ እናንተም እንደፈለጋችሁ የምትቀይሩት መሣሪያ። ኮርግ ፖሊሲክስ (1981)፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 (1983)፣ ሮላንድ ጁኖ 106 (1984)፣ ኮርግ ኤም 1 (1988)፣ ሮላንድ ጄዲ 800 (1991) የሚል ስም ካያችሁበት ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ቆም በሉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የዚያ ዘመን ድምፅ ፈላጊው በዝቷል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከሪትም ማሽን ጋር አዋህዶ የሰራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም አዳምጦታል። ከነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ጁኖው፣ ዛሬ ውጭ አገር ከብዙ አዲስ ኪቦርዶች በላይ ነው የሚሸጡት።

ችግሩ ሲበላሹ ነው። የሰፈራችሁ ስልክ ጠጋኝ እጁ ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ ግን ስልክ ላይ ቦርዱ ከሞተ ቦርድ ይቀየራል። እዚህ የሚቀየር ቦርድ የለም። ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ብዙ አስርት ዓመታት አልፈዋል። ዲኤክስ 7 ውስጥ ድምፁን የሚፈጥሩት ቺፖች ያማሃ ለራሱ ብሎ የሰራቸው ስለሆኑ፣ ከተቃጠሉ የሚገኙት ከሌላ የሞተ ዲኤክስ 7 ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ “ታማኝ ጠጋኝ” ማለት ብር የማይበላ ማለት ብቻ አይደለም፤ የማያውቀውን የማይነካ ሰው ማለት ነው። ከሁለቱ የሚከብደው እሱን ማግኘቱ ነው።

በርግጥ ተበላሽቷል ወይ?

ጠጋኝ ከመፈለጋችሁ በፊት ይሄን አጣሩ። ከጃፓን ገበያ የመጣ መሣሪያ የሚፈልገው 100 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ የመጣው 120። የኛ ሶኬት 220 ነው። ዘመድ በደስታ ሰክቶት “ጭስ ወጣው” የሚባለው ታሪክ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። ፊውዙ ቀድሞ ከሄደ ዕድለኛ ናችሁ፤ ካልሆነ ትራንስፎርመሩን ወይም ከሱ ቀጥሎ ያለውን ይዞት ይሄዳል። ጀርባው ላይ በትንሹ የተጻፈውን ቮልትና ዋት ሳታነቡ ምንም ነገር አትሰኩ። ተራ ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን 220 ያረጋጋል እንጂ አያወርደውም፤ የ110 መውጫ ያለው ከሆነ ለአሜሪካው ይሆናል፣ ለጃፓኑ ግን ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይሻላል። ዋቱ መሣሪያው ላይ ከተጻፈው ቢያንስ እጥፍ ይሁን። በአዳፕተር የሚሰራ ኪቦርድ ከሆነ ደግሞ ቮልቱ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። የአንዱ ካምፓኒ ፕላሱ መሃል ነው፣ የሌላው ማይነሱ። ከአዳፕተር ቀዳዳው አጠገብ በስዕል ስለሚታይ በስልካችሁ አንስታችሁ አጉልታችሁ እዩት።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ሲንተሳይዘሮች የሰራችሁትን ድምፅ የሚይዙት ውስጣቸው ባለ ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሞት ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል ይታያል፣ ድምፁ ይቀወሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም ይላል። ይሄኔ “አበቃለት” ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ስንት መሣሪያ አለ! በሽታው የአንዲት ሲአር 2032 ባትሪ ሊሆን ይችላል፤ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ ያለችው እሷው ናት። ዲኤክስ 7 ላይ ፈንክሽን የሚለውን ተጭናችሁ 14 ቁጥርን ስትነኩ ባትሪውን ስክሪኑ ላይ ታነባላችሁ፤ ጤነኛው 3 አካባቢ ነው።

ሌላም አለ። ቁልፉ ሲመታ ዝም የሚል፣ ከኮምፒውተር በሚዲ ሲላክለት ግን የሚጮህ ከሆነ “ሎካል” የሚለው ሴቲንግ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ይሄን ለማብራት ማንም ብር ሊያስከፍላችሁ አይገባም።

ድምፁን አስቀሩ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መሣሪያው ጨርሶ ካልሞተ፣ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ውስጡ ያሉትን ድምፆች አውጡ። ፋብሪካው የጫናቸው ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። የማይገኘው አጎታችሁ ለሊት ተቀምጦ የሰራው ክራር መሰል ድምፅ ነው። ዲኤክስ 7 እንዲህ ያለ 32 ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ባትሪው በተነቀለ ቅጽበት ሁሉም ይጠፋል። ጠጋኙ ምንም አላጠፋም፣ ስራው ነው፤ ግን ያን ድምፅ የሚመልስ የለም።

ለዚህ ስልካችሁ ይበቃል። ሚዲ ያለው መሣሪያ ከሆነ ሚዲን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብልና ኦቲጂ ገዝታችሁ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ታገናኛላችሁ፤ ሲስኤክስ የሚባለውን ፋይል የሚቀበል አፕ አውርዳችሁ ድምፁን ትልኩና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ታስቀምጣላችሁ። በጣም ርካሽ የሆኑት ኬብሎች ረጅም ፋይል መሃል ላይ ስለሚቆርጡ ከላካችሁ በኋላ ፋይሉ ሙሉ መሆኑን እዩ። ጁኖ 106 እና ፖሊሲክስ ደግሞ የካሴት ዘመን ልጆች ናቸው፤ ድምፆቻቸውን ቴፕ ላይ እንደ ጩኸት ይቀዳሉ። ያን ጩኸት በኬብል ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ መቅዳት ይቻላል። ፎርማቱ ዌቭ ይሁን፤ የስልኩ ተራ መቅጃ ስለሚጨምቀው መልሶ አይነበብም። መሣሪያው ራሱ ቀረጻው ልክ መሆኑን ማረጋገጫ አለው፣ ተጠቀሙበት።

ማንን ልጠይቅ?

ሱቅ ሳይሆን ሙዚቀኛ ጠይቁ። መርካቶ ገብታችሁ “ኪቦርድ የሚሰራ” ብትሉ አስር ሰው ይጠቁማችኋል፤ አስሩም ወደ ጓደኛው ነው። የሠርግ ባንድ ኪቦርዲስቶች፣ የቸርች ተጫዋቾች፣ ስቱዲዮ ያላቸው አቀናባሪዎች፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች፤ እነዚህ መሣሪያቸው ሐሙስ ቢበላሽ ቅዳሜ ሠርግ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ማን እንደሚሰራና ማን እንደሚያንገላታ በኪሳቸው ያውቁታል። ስትጠይቁ ደግሞ “ጎበዝ ነው?” አትበሉ፤ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው ይባላል። “የትኛውን መሣሪያ ሰራልህ? መቼ? እስካሁን ይሰራል?” በሉ። ለሦስተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከሁለቱ ይበልጣል።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. መፍረስ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሱቅ ቦታ ለቋል። የድሮ አድራሻ ይዛችሁ ከምትንከራተቱ ስልክ ቁጥሩን ከሰውየው ደንበኛ ተቀበሉ።

ሲንተሳይዘር ነክቶ የሚያውቅ ሰው ካጣችሁ፣ በኔ አስተያየት ከስልክ ጠጋኝ ይልቅ የቆየ የአምፕሊፋየርና የሬዲዮ ጠጋኝ ይሻላል። የስልክ ጠጋኝ ደቃቅ ብየዳ ላይ ይበልጠዋል። የአምፕሊፋየሩ ሰው ግን ድምፅ የት ጋ እንደቆመ ከመግቢያው እስከ መውጫው እየለካ መከተል የለመደ ነው፤ የአሮጌ ሲንተሳይዘር ስራ ግማሹ እሱ ነው። ግማሹ ደግሞ የፓወር ሰፕላይ ነው፣ እሱንም ያውቀዋል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ “ማንኛውንም ኤሌክትሮኒክስ እንጠግናለን” የሚሉትን በቪዲዮ ውበት አትመዝኑ። የተከፈተ ቦርድ፣ የተነቀለው ዕቃና የገባው ዕቃ፣ ከዚያ ደግሞ ሲጫወት የሚያሳይ ካለ እሱ ቁምነገር ነው። አልቆ ያብረቀረቀውን ብቻ የሚያሳይ የጽዳት ሰራተኛ ሊሆን ይችላል።

ጠጋኙን መፈተሽ

ፈተናው እናንተ ከምትጠይቁት ይልቅ እሱ በሚጠይቃችሁ ይታወቃል። ደህናው ጠጋኝ ገና ሳይከፍተው “ከየት ነው የመጣው? ስንት ቮልት ላይ ሰካችሁት? ሰው ከፍቶት ያውቃል? ድምፁን አስቀርታችኋል?” ይላል። “አምጣው፣ እናየዋለን፣ ይሄን ያህል ብር ነው” ብሎ ዋጋ ያስቀደመ፣ ያላየውን በሽታ ዋጋ ነው የነገራችሁ።

ትላልቅ ሰዎች ከሆኑ ማፈር አለ፤ ልጅ ሆኖ ሙያተኛን መጠየቅ ድፍረት ይመስላል። በአክብሮት ከተጠየቀ አይደለም። “ጋሼ፣ ሰርቪስ ማንዋሉን አግኝቼዋለሁ፣ በቴሌግራም ልላክልዎት?” በሏቸው። የነዚህ መሣሪያዎች ስዕል በፒዲኤፍ ይገኛል። ደስ ብሏቸው “ላክልኝ እስቲ ልጄ” ካሉ፣ ጥሩ ምልክት ነው። “ምን ማንዋል! እኔ በዓይኔ ነው የማየው” ከሆነ መልሱ፣ መሣሪያውን ይዛችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ኦሲሎስኮፕ አላቸው ወይ ብላችሁም ጠይቁ። በቴስተር ብቻ ብዙ ነገር ይሰራል፣ ባትሪም ቁልፍም ፓወርም። ድምፁ በየትኛው ቺፕ ላይ እንደተበላሸ ለማየት ግን ሞገዱን ማየት የግድ ነው።

ከዚህ በላይ መሄድ ከፈለጋችሁ የመሣሪያችሁን የታወቀ በሽታ አጥንታችሁ ሂዱ። አሮጌ ሲንተሳይዘር እንደ አሮጌ መኪና ነው፣ እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ ሕመም አለው።

የጁኖ 106 ሕመም 80017ኤ የሚባሉ ስድስት ቺፖች ናቸው። ጁኖው በአንድ ጊዜ ስድስት ድምፅ ይጫወታል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቺፕ። ቺፖቹ የተለበጡበት ጥቁር ሙጫ በጊዜ ብዛት ውስጣቸውን ያበላሻል። ፖሊ 1 ላይ አድርጋችሁ አንድ ቁልፍ ደጋግማችሁ ስትመቱ በየስድስተኛው ዝም ካለ ወይም ከተንኮሻኮሸ እሱ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ቺፑን ነቅሎ አሴቶን ውስጥ ዘፍዝፎ ሙጫውን ማስለቀቅ፣ ወይም ዛሬ በአዲስ የሚሰራውን ምትክ መግጠም። “ሙሉ ቦርዱን እንቀይረው” ያለ ሰው ቦርዱን ከየት ሊያመጣ ነው?

ፖሊሲክስ ውስጥ ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አለ። ሲያረጅ ይፈሳል፣ የፈሰሰውም ቦርዱ ላይ ያለውን የመዳብ መስመር ይበላል። ደህና ጠጋኝ ከሁሉ በፊት ባትሪውን ነቅሎ ያወጣል፣ የፈሰሰውን በኮምጣጤ አምክኖ በአልኮል ያጥባል፣ የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ይቀጥላል። ባትሪውን ብቻ ቀይሮ የሚዘጋው ከሆነ ግን ሕመሙን ክዳን ስር ጥሎት ነው። ፖሊሲክስ ያላችሁ፣ ባይበላሽም አስከፍታችሁ አሳዩት። መበላቱ ጠፍቶ ጓዳ ቢቀመጥም ይቀጥላል።

ጄዲ 800ን አስገልብጣችሁ ከቁልፎቹ ስር ቀይ ዝልግልግ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፣ የቁልፎቹን ክብደት ያጣበቀው ሙጫ ቀልጦ ነው። ቁልፎቹ ወጥተው አንድ በአንድ ይጸዳሉ። የአንድ ከሰዓት ስራ አይደለም፤ “ነገ ውሰደው” ከተባላችሁ ተጠራጠሩ።

እነዚህን ስትጠይቁ “እሱን ሞዴል አላውቀውም፣ ልይና ልንገርህ” የሚል መልስ ብታገኙ አትቀንሱበት። እኔ ብሆን መሣሪያዬን የምሰጠው ለዚህ ሰው ነው። ይልቅ የሚያስፈራው “ካፓሲተሩን በሙሉ ጠራርገን እንቀይረዋለን” የሚለው ነው። ካፓሲተር ያረጃል፣ እውነት ነው፤ በተለይ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያሉት። ግን ሳይለካ መቶ ቦታ የሚበይድ ሰው ጤነኛውን ቦርድ በሙቀት ሊያስለቅቀው ይችላል።

ትንሿን ስራ አስቀድሙ

ከቻላችሁ ትልቁን ብልሽት ይዛችሁ አትጀምሩ። ባትሪ አስቀይሩ ወይም የማይጮህ ቁልፍ አስጸዱ። ባትሪው በብየዳ የተያያዘ ከሆነ “በሚቀጥለው ራሴ እንድቀይረው መያዣ ይግጠሙልኝ” በሉ። መልሶ ሲሰጣችሁ ከስር ያሉት ብሎኖች ሙሉ ናቸው? መያዣው ቀጥ ብሎ ገብቷል? ቦርዱ ላይ የብየዳ ፍርፋሪ ቀርቷል? ከዚህች ስራ የሰውየውን እጅ ታውቃላችሁ።

ስትሰጡ ሲሪያል ቁጥሩንና ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ሲከፍተው አብራችሁ ብትሆኑና ቦርዱን ብታነሱት የበለጠ ጥሩ ነው፤ ይሄን የሚከለክል ሰው ምክንያቱን ይንገራችሁ። ውሉ የግድ ወረቀት አይደለም፣ አንድ የቴሌግራም መልዕክት ይበቃል። ምን እንደሆነ ለማየት ስንት፣ ለመስራት ስንት፣ “ከዚህ ብር ካለፈ ሳይነኩት ይደውሉልኝ” የሚል ገደብ፣ እና የተነቀለው ዕቃ በሙሉ ተመላሽ መሆኑ። የመጨረሻዋን አትተዉ። የጁኖ አንድ ቺፕ ራሱን ችሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ “ተቃጥሏል” ከተባለ የተቃጠለው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመለስ። ቀብድ ለመለዋወጫ ከሆነ ስጡ፣ ሙሉውን አስቀድማችሁ ግን አትክፈሉ።

ጊዜውን በተመለከተ ትዕግስት ያስፈልጋል። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሰው ሲመጣ ተብሎ ሁለት ወር ቢቆይ ያው የአገራችን ነገር ነው። “ምን ዕቃ ነው የምንጠብቀው?” ስትሉ የዕቃውን ስምና ቁጥር የሚነግራችሁና “ዛሬ ነገ” የሚላችሁ ግን አንድ አይደሉም።

እዚህ የሚሰራው ከጠፋስ? መሣሪያውን አትላኩ። የጁኖ ቺፖች ተነቅለው በኤንቨሎፕ ይሄዳሉ፤ ውጭ እነሱን ብቻ ተቀብለው አድሰው የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ፣ አዲሱን ምትክም መግዛት ይቻላል። እዚህ የሚያስፈልጋችሁ ንጹህ አድርጎ የሚነቅልና የሚመልስ እጅ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ወይም ሌላ ቦታ ያለ ዘመድ ያገለገለ ሲንተሳይዘር ሊገዛላችሁ ከሆነ ደግሞ እዚያው ያስጠግነው። አሜሪካ ያሉት የዚህ ሙያ ሰዎች ለማየት ብቻ ያስከፍላሉ፣ ወረፋቸውም ረጅም ነው፤ ቢሆንም ተሰርቶ መምጣቱ ይሻላል። ገና ሳይከፈል በቪዲዮ ኮል እያንዳንዱን ቁልፍ ያስመታችሁ።

ራሳችሁ ልትሞክሩ የምትችሉት አለ፣ የማትነኩትም አለ። ከቁልፍ ስር ያለውን ጎማ በንጹህ አይሶፕሮፒል አልኮል ማጽዳት ይቻላል። የእጅ ሳኒታይዘር ግን ውሃና ጄል አለበት፣ አይሆንም። ደብሊው ዲ 40 ማንሸራተቻና ቁልፍ ውስጥ አትንፉ። ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ ተነቅሎም ቢሆን አትንኩ፤ ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይመታል።

ስትረከቡ ቸኩላችሁ አትውጡ። ሁሉንም ቁልፍ፣ ሁሉንም ማንሸራተቻ፣ ሁሉንም ቀዳዳ ሞክሩ። ዲኤክስ 7 ጠንከር ሲባል መጉላት አለበት። ጁኖ 106 እና ፖሊሲክስ ግን ሲሰሩም እንዲህ አልነበሩም፤ በቀስታም መታችሁ በኃይል ድምፁ ያው ነው፣ ጠጋኙን በዚህ አትጣሉት። የጁኖ ኮረስ ሲበራ የምትሰማው ሽሽታም ከፋብሪካው የመጣች ናት። አንድ ድምፅ ቀይራችሁ አስቀምጡ፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ ቆይታችሁ ስትመልሱ እዚያው ካለ ባትሪው ይሰራል። ከዚያ አብሩትና ተዉት። ብዙ የአሮጌ ቦርድ ብልሽት ብቅ የሚለው ሲሞቅ ነው፤ በመጀመሪያው አስር ደቂቃ ሁሉም ደህና ነው። ሻይ ይዘዝላችሁ፣ ከጠጋኙ ጋር አውሩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንኑ ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ፤ ስድስተኛውም ከጮኸ ቀሪውን ብር ክፈሉ።